ትኬቱን በከፈልኩ ማግስት፦ ስለ መንጃ ፈቃድ የቅጣት ነጥብ የተደረገ ውይይት

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው፤ እንጀራዬ መሪ ላይ ነው፤ ሰው እያመላለስኩ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። በመጋቢት ወር አንድ ሌሊት የዊልሰንን ድልድይ ተሻግሬ ሜሪላንድ እንደገባሁ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ ትኬት፣ ማለትም የቅጣት ወረቀት፣ ሰጠኝ። የመንገዱ ወሰን በሰዓት 55 ማይል፣ የእኔ ፍጥነት 69። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ቅጣቱን በኮምፒውተር ከፈልኩ። ዕዳ ማሳደር አልወድም፤ ያደግኩትም ዕዳ በማያድርበት ቤት ነው። ደረሰኙን አትሜ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩና ተኛሁ።

በክረምቱ መግቢያ የመኪናዬ ኢንሹራንስ ሲታደስ ክፍያው ጨምሮ መጣ። ደውዬ ብጠይቅ መዝገብህ ላይ ጥፋት ገብቷል አሉኝ። እኛ ዲኤምቪ ከምንለው የተሽከርካሪዎች መምሪያ መዝገቤን አውጥቼ ሳየው የሜሪላንዱ ጥፋት ከነቀኑ ሰፍሯል፤ አጠገቡ አራት የቅጣት ነጥብ ተጽፏል። የምሠራበት ኩባንያም በየዓመቱ ያንኑ መዝገብ ያያል። ያን ዕለት ማታ የእኛ ሰዎች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩ። ሜሪላንድ የተቀጣሁት ቨርጂኒያ ድረስ እንዴት ተከተለኝ? ቅጣቴን ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላስ ይህ ሁሉ ከየት መጣ?

31 መልስ መጣልኝ። ያን ጥያቄ ዛሬም በየሳምንቱ አንድ ሰው እንደ አዲስ ሲጠይቀው ስለማይ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እዚህ እተርካለሁ። የጸሐፊዎቹን ስም ትቼዋለሁ።

መልስ 1 ከአንድ አዛውንት ነበር። ልጄ ብለው ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል። የትኬቱን ጀርባ አንብቤው እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። አላነበብኩትም ነበር። ትኬት ዕዳ አይደለም አሉ፤ ክስ ነው። ገንዘቡን መላክ ማለት ዳኛ ፊት ቆሞ አዎ አጥፍቻለሁ ብሎ መፈረም ነው። የከፈልኩባት ሌሊት የተፈረደብኝ ሌሊት ነበረች፤ ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ፈራጁም እኔው ነበርኩ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሌላውን መልስ አልከፈትኩም።

መልስ 2 የአንድ መስመር ነው፤ እኔም እንዳንተው ብሎ አለፈ።

መልስ 3 ሥርዓቱን ከሥሩ አስረዳ። ግዛቶቹ ስለ አሽከርካሪዎች ጥፋት እርስ በርስ ለመነጋገር የተፈራረሙት ስምምነት አለ፤ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም አባል ናቸው። ሜሪላንድ ለቨርጂኒያ የሚልከው ግን ወሬውን ነው እንጂ ነጥቡን አይደለም። ነጥቡን የሚሰጠው መንጃ ፈቃዱን ያወጣው ግዛት በራሱ ሠንጠረዥ ነው። በሜሪላንድ ሠንጠረዥ በ55 መንገድ ላይ ወሰኑን በ14 ማይል ማለፍ ሁለት ነጥብ ነው። በቨርጂኒያ ከ1 እስከ 9 ማይል ማለፍ ሦስት፣ ከ10 እስከ 19 አራት፣ 20ና ከዚያ በላይ ደግሞ ስድስት ነጥብ ያስይዛል። ስለዚህ ያው 14 ማይል ድልድዩ ማዶ ሁለት ነበር፣ ድልድዩ ወዲህ አራት ሆነ። ግን የነጥቦቹ ዋጋም አንድ አይደለም። ሜሪላንድ ሦስትና አራት ነጥብ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይልካል፣ ከአምስት እስከ ሰባት ወደ ትምህርት ይልካል፣ ስምንት ላይ መንጃ ፈቃድ ያግዳል፣ 12 ላይ ይሰርዛል። ቨርጂኒያ መንጃ ፈቃድ የሚያግደው በ12 ወር ውስጥ 18 ነጥብ ወይም በ24 ወር ውስጥ 24 ነጥብ ሲደርስ ነው፤ እገዳውም 90 ቀን ነው። የአንዱን ግዛት ነጥብ በሌላው ሚዛን መስፈር ብርን በዶላር ቁጥር እንደ መቁጠር ነው ብሎ ደመደመ። ከመልሶቹ ሁሉ ብዙ ያስተማረኝ ይኸኛው ነው።

ያው ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነጥቡ በሦስት ዓመት ይጠፋል ብሎ ነበር። መልስ 4 አረመው። የቨርጂኒያ ነጥብ ጥፋቱ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ይቆያል። ነጥቡ ከወጣ በኋላም የጥፋተኝነት ውሳኔው ራሱ መዝገብ ላይ ይኖራል፤ እንደ ጥፋቱ ክብደት ሦስት፣ አምስት ወይም 11 ዓመት። ነጥብና መዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

መልስ 5 የጻፈችው እህት ስንት ዓመት ንጹሕ እንደነዳሁ ጠየቀች። የደስታ ነጥብ አለህ አለችኝ። ስሙ እንደዚያ አይደለም፤ እሷ ነች ያወጣችለት፤ እኔ ግን ወደድኩት። ቨርጂኒያ አንድ የቀን መቁጠሪያ ዓመት ያለ ጥፋትና ያለ እገዳ ለነዳ ሰው አንድ የመልካም አነዳድ ነጥብ ይሰጣል፤ እስከ አምስት ይጠራቀማል። በመልስ 6 እኔው ተመልሼ ሦስት እንደነበረኝ ጻፍኩ። ሦስት ሲደመር፣ አራት ሲቀነስ፣ ከዜሮ አንድ በታች ነኝ። እሷም የስምንት ሰዓቱን የአሽከርካሪዎች ማሻሻያ ትምህርት በፈቃዴ ብወስድ አምስት መልካም ነጥብ እንደሚጨመርልኝ፣ ይህም በ24 ወር አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚፈቀድ ነገረችኝ። ሒሳቡ ወደ አራት ከፍ ይላል ማለት ነው። ትምህርቱን ፍርድ ቤት አዝዞኝ ቢሆን ኖሮ ግን ነጥቡን ላላገኝ እችል ነበር።

መልስ 7 ደስታዬን ቆረጠው። ኢንሹራንሶች የዲኤምቪን ነጥብ አይቆጥሩም፤ የራሳቸው ሚዛን አላቸው፤ የሚያዩት ውሳኔውን ነው። አምስት መልካም ነጥብ ብጨምርም የጨመረው ክፍያ ላይወርድ ይችላል። መልሱ ስለታም ነበር፤ እውነት ግን ነበር። አሥር ዓመት ያላስከፈልኩት ኢንሹራንስ በአንድ ሌሊት እንደ አደገኛ ሰው ሲያየኝ ምን እንደተሰማኝ ልጽፍ ጀምሬ ተውኩት። ቁጣዬ ለማንም የሚጠቅም አልነበረም።

ከ8 እስከ 10 ያሉት ስለ ራዳር ነበሩ። አንዱ የፖሊስን ራዳር የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ መኪናው ውስጥ እንደሰቀለ ጻፈ፤ ሌላው የት እንደሚገዛ ጠየቀ። 10ኛው ደርሶ ሁለቱንም አስቆማቸው፤ መሣሪያው በቨርጂኒያም በዋሽንግተን ዲሲም የተከለከለ ነው፤ መኪና ውስጥ ተሰቅሎ መገኘቱ ብቻ ያስቀጣል። በዚህ ወሬው አበቃ።

ከዚያ 11 መጣ። የዚህን ውይይት ሙቀት የለወጠው እሱ ነው። ነጥብ ምናምን ሁሉ ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው አለ። የሚያስቆሙን አነጋገራችን ስለሚሰማ ነው፤ ሰው ተግቶ እየሠራ ሳለ እንደ ሌባ ይታደናል። መጨረሻ ላይ አንድ ምክር ጨመረ። አውሮፓ ያለ ዘመዱ ካሜራ ሲያነሳው ነጥቡን በሚስቱ ስም እንደሚያስይዝ፣ እኛም ብልሃት መማር እንዳለብን ጻፈ።

12ኛው የመለሰው ከለንደን ነበር። በትሕትና ጀምሮ ቀስ በቀስ ከረረ። በብሪታንያ አንድ የፍጥነት ጥፋት ቢያንስ ሦስት ነጥብ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 12 የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ስድስት ወር እንዳይነዳ ይታገዳል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ደግሞ ስድስት ላይ ፈቃዱን ያጣል፤ ፈተናውን በጽሑፍም በተግባርም እንደ አዲስ ይፈተናል። እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ መያዝ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብቻውን ስድስት ነጥብ ስለሆነ አዲስ ነጂ በአንድ የስልክ ጥሪ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ነጥብን ለሌላ ሰው ስለማሸከም ግን የክሪስ ሂዩንን ነገር አነሣ። ሰውየው የመንግሥት ሚኒስትር ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. በፍጥነት የተያዘበትን ነጥብ ሚስቱ ቪኪ ፕራይስ ወሰደችለት፤ ከተለያዩ በኋላ ነገሩ ወጣ፤ በ2013 ፍርድ ቤት ሁለቱንም ፍትሕን በማሰናከል ወንጀል ስምንት ስምንት ወር እስራት ፈረደባቸው። ለሦስት ነጥብ ሚኒስትር የታሰረበትን ነገር ለወንድሞቻችን ብልሃት ብለህ አትምከር ብሎ ጨረሰ።

13ኛው ነገሩን ወደ መሠረቱ መለሰው፤ የነጥብ ሥርዓት ሁሉ የቆመው መሪውን የያዘው ማን ነበር በሚለው ጥያቄ ላይ ነው አለ። ካሜራ የሚያየው ሰሌዳን ነው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የካሜራ ትኬት ነጥብ የማያስይዘው ለዚህ ነው፤ መኪናው ይከፍላል፣ ሰውየው አይመዘገብም። ብሪታንያ ግን ማን እንደነዳ ንገረን ብላ ባለመኪናውን ታስገድዳለች፤ አልናገርም ያለ በዚያው ብቻ ስድስት ነጥብ ይያዝበታል። ጣሊያንም ባለንብረቱ ነጂውን እንዲያሳውቅ ትጠይቃለች። የካሜራ ትኬት ነጥብ የለውም ብሎ መጣልም አያዋጣም፤ በ2024 በወጣ ሕግ የዋሽንግተን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ነጂዎችን መክሰስ ስለሚችል፣ ትኬት የቆለሉ ሰዎች ተከሰዋል።

14ኛዋ ከፍራንክፈርት ጻፈች። በጀርመን ካሜራው ከፊት ነው የሚያነሣው፤ ፊትሽ ከሰሌዳሽ ጋር ይወጣል። ነጥቡ ከ1974 ጀምሮ የሚጠራቀመው በዴንማርክ ድንበር አጠገብ ባለች ፍሌንስቡርግ በምትባል ከተማ ስለሆነ፣ ጀርመኖች ፍሌንስቡርግ ውስጥ ስንት አለህ ይባባላሉ። ድሮ ፈቃድ የሚነጠቀው 18 ላይ ነበር፤ በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. ተቀይሮ ስምንት ሆነ። አራትና አምስት ላይ ተግሣጽ፣ ስድስትና ሰባት ላይ ማስጠንቀቂያ፣ ስምንት ላይ ነጠቃ። ነጂነት ለሚሠራው ባሏ አንዲት ነጥብ ስትመጣ ቤት ውስጥ እንደ ሕመም ትወራለች ብላለች። እኔም ቤት አሁን እንደዚያው ስለሆነ ገባኝ።

15ኛው ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነበር፤ በአጭሩ ጻፈ። እዚያ እያንዳንዱ ጥፋት እንደ ክብደቱ ነጥብ አለው፤ 12 ሲደርስ መሠረታዊ ኮርስ፣ 24 ሲደርስ ከፍ ያለ ኮርስ፣ 36 ሲደርስ የሦስት ወር እገዳና የጽሑፍ ፈተና።

16ኛው ወደ 11 ተመልሶ ጠንከር ያለ ነገር ጻፈ። እኔ እንዲያ ባልናገር እመርጣለሁ። አገር ቤት ከትራፊክ ፖሊስ ጋር መሸማገል የለመደ ሰው ሕግን ሁሉ ገበያ ያደርገዋል አለ። ይህ ብዙ ሰው አስቆጣ፤ የተሰረዙ መልሶችም ነበሩ። በሕጉ የሚታመን ሰው አገር ቤትም ሞልቷል። የ11ን ስሕተት የአንድ ሕዝብ ጠባይ ማድረግ ነውር ነው ብዬ ያኔም ጽፌያለሁ፤ ዛሬም እደግመዋለሁ።

ውይይቱን ያረጋጋችው 17ኛዋ ናት። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ ማታ ትሠራለች። ስለ ነጥብ አላወራችም። ኮሎምቢያ ፓይክ የተባለውን ጎዳና በእግሩ ሊሻገር ሲል በመኪና የተመታ አንድ የአገር ሰው እሷ ተረኛ በነበረችበት ሌሊት እንደመጣ፣ ስሙን ጠይቃው በአማርኛ እንደመለሰላት፣ ሊነጋ ሲል እንዳረፈ ጻፈች። ገጪው ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ተይዞ እንደነበር አላውቅም አለች። አንድ ሰው ደጋግሞ ሲያጠፋ የሚያስታውስ መዝገብ ባይኖር ግን የሚያስታውሱት እንደ እሷ ያሉ ሰዎች ብቻ ይሆናሉ። ከዚህ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም።

18ኛው ራሱ 11 ነው። ይቅርታ ጠየቀ። ስለ ሚስት ስም የጻፈውን ምክር እንደሰረዘ፣ በሕይወቱም እንዳላደረገው ገለጸ። ከዚያ እውነተኛ ቁስሉን አወጣ። አንድ ጊዜ ትኬቱን ለመከራከር ቀን ተቀጥሮ የዕለት ገቢውን ትቶ ችሎት ሄደ፤ ዳኛው የሚሉትን ግማሹን ብቻ ሰማ፤ ሲጠየቅ አዎ አለ፤ ምን እንዳመነ ያወቀው ውጭ ወጥቶ ወረቀቱን ሲያስነብብ ነው። ቁጣው ከዚያ የመጣ ነበር። አነጋገራችን ስለሚሰማ ያለውን መለስ ብዬ ሳነበው ሌላ ትርጉም ሰጠኝ።

19ኛዋ በሙያዋ አስተርጓሚ ናት፤ መልሷ ለ11 የተጻፈ ቢሆንም ሁላችንንም የሚነካ ነው። በቨርጂኒያም በሜሪላንድም በትራፊክ ጉዳይ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው አስተርጓሚ በነጻ ይመደብለታል፤ አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው ያለበት። አማርኛ እዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም፤ የዋሽንግተን የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና በአማርኛ ይሰጣል፤ የከተማዋ የ2004 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሕግም አማርኛን ያጠቃልላል። እኔ እንግሊዝኛ እችላለሁ የሚለው ኩራት ብዙ ሰው ሲጎዳ እንዳየች ጻፈች። ገበያ የምንግባባበት እንግሊዝኛና ችሎት የምንከሰስበት እንግሊዝኛ አንድ አይደሉም። ይህ አባባል ከእኔ ጋር ቀርቷል።

20ኛዋ እናት ናት፤ ፌርፋክስ የሚኖር የ17 ዓመት ልጇ የመጀመሪያ ትኬቱን አምጥቶ ጭንቅ ላይ ነበረች። 21ኛው ተረጋግቶ ነገራት። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነጥብ በሚያስይዝ ጥፋት አንድ ጊዜ ሲፈረድበት ትምህርቱን ይማራል፤ ሁለተኛ ጊዜ 90 ቀን ይታገዳል፤ ሦስተኛ ጊዜ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ወይም 18 እስኪሞላው ይነጠቃል፤ ከሁለቱ የሚረዝመው ነው የሚጸናበት። ልጁን ችሎት ይዛው እንድትሄድ፣ እሱ ራሱ እንዲናገር፣ እሷ እንድትተወው መከራት። በ22 እና 23 ውይይቱ ወደ ልጅ አስተዳደግ፣ ከዚያም እሑድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሰው መግቢያ ዘግተው ስለሚያቆሙ መኪናዎች ሄደ። ስለ ማቆሚያው የተባለው ትክክል ቢሆንም ነጥብ የሌለው ጥፋት ስለሆነ እዘለዋለሁ።

24ኛው ግን ሁላችሁም አንብቡት። ቨርጂኒያ ውስጥ የፍጥነት ትኬት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወሰኑን በ20 ማይል ማለፍ፣ ወይም ወሰኑ ምንም ቢሆን ከ85 ማይል በላይ መንዳት፣ በቸልተኝነት ማሽከርከር ይባላል፤ ይህ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። መስመሩ 80 ነበር፤ በሐምሌ 2020 ወደ 85 ከፍ አለ። ጸሐፊው በሁለት ምሳሌ ገለጸው። ወሰኑ 70 በሆነበት በ95ኛው አውራ ጎዳና ላይ 86 የነዳ ሰው ያለፈው በ16 ማይል ብቻ ነው፤ ግን ወንጀል ፈጽሟል። ወሰኑ 25 በሆነ የሰፈር መንገድ ላይ 45 የነዳም እንዲሁ። ስድስት ነጥብ ይያዝበታል፤ መዝገቡ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው ሰው በምንም ዓይነት ያለ ጠበቃ እንዳይቀርብ ለመነ። የእኔ 14 ማይል ስድስት ማይል ብቻ ቢጨምርና ድልድዩ ወዲህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር።

25ኛው ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ የሚጽፈውም ከመንገድ ላይ፣ ነዳጅ እየቀዳ ነበር። እናንተ ነጥብ ትቆጥራላችሁ፣ እኛ እንጀራ እንቆጥራለን አለ። ወሰኑን በ15 ማይል ማለፍ በፌዴራሉ ደንብ ለንግድ መንጃ ፈቃድ ከባድ ጥፋት ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተፈረደ 60 ቀን፣ ሦስት ጊዜ ከሆነ 120 ቀን ከሥራ ውጭ ነው። ዳኛው ቢራራለት እንኳ ፍርዱን ከመዝገብ መሸሸግ በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው፤ ሌላው ነጂ የሚያገኘው ምሕረት ለእሱ ዝግ ነው። መልሱ ውስጥ ምሬት አልነበረም። እሱ ማሳው ላይ ያለውን እንደሚያውቅ ገበሬ ነው የጻፈው።

26ኛው ከአዲስ አበባ ነበር። እዚያም በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 208 ጥፋቶችን በእርከን ከፍሎ ከገንዘቡ ጎን የጥፋት ሪከርድ እንዲያዝ እንዳዘዘ አስታወሰን፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ነጂው የሚፈራው ግን ሪከርዱን አይደለም አለ። የሚፈራው ሰሌዳው ተፈትቶ መሄዱን፣ መንጃ ፈቃዱ ተይዞ በቅጣት ወረቀት መንከራተቱን ነው። ሲከፍልና ሲመለስለት ነገሩ ያበቃል።

ይህን ሳነብ ሌሊቱን ጫማዬን ሳላወልቅ ለምን እንደከፈልኩ ገባኝ። እኔም ከፍሎ መገላገልን ለምጄ ነው ያደግኩት። ከፍሎ መገላገል እዚያ ጨዋነት ነበር፤ እዚህ ግን ያው ጨዋነት ባዶ ወረቀት ላይ መፈረም ሆነ። ማንም አላታለለኝም፤ የትኬቱ ጀርባ ላይ ተጽፎ ነበር። ግን ከፍሎ መገላገልን የለመደ ሰው ጀርባውን አይገለብጥም።

27ኛው ታዲያ ምን ማድረግ ነበረበት ብሎ የሁላችንንም ጥያቄ ጠየቀ። 28ኛዋ በሜሪላንድ የሕግ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ በጥንቃቄ መለሰች። የሜሪላንድ ትኬት ላይ 30 ቀን አለ፤ ሦስት ምርጫም አለ፤ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ምክንያቱን ለዳኛ የሚያስረዱበትን ችሎት መጠየቅ፣ ወይም ክርክር መጠየቅ። በሁለተኛው ምርጫ ጥፋቴን እያመንኩ ዳኛ ፊት መቆም እችል ነበር ማለት ነው። መዝገቡ ንጹሕ ለሆነ ሰው ዳኛው የጥፋተኝነት ውሳኔ ሳይሰጥ ጠባዩ የሚታይበት የሙከራ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል፤ ያኔ ሜሪላንድ ነጥብ አይዝም። መብት ሳይሆን የዳኛው ፈቃድ ነው ብላ ሁለት ጊዜ ጻፈችው። ለእኔ ግን ጊዜው አልፏል፤ የተከፈለ ትኬት የተዘጋ በር ነው።

በ29 እና 30 የመልስ 1 አዛውንትና በመልስ 7 ስለ ኢንሹራንስ የጻፈው ሰው ስለ ጠበቃ ክፍያ ተከራከሩ። ለትንሽ ጥፋት ጠበቃ መያዝ ገንዘብ መጣል ነው አሉ አዛውንቱ። የሦስት ዓመት የኢንሹራንስ ጭማሪ ከጠበቃው ክፍያ ጋር ይነጻጸር አለ ሌላው። አልተስማሙም። እኔ ራሴ የማዘነብለው ወደ ኢንሹራንሱ ሰው ነው፤ ጭማሪውን በየወሩ የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ።

የስምንት ሰዓቱን ትምህርት ቅዳሜ ዕለት ጨረስኩ። አምስቱ መልካም ነጥብ መዝገቤ ላይ ገብቷል፤ ሒሳቤ አራት ነው። ኢንሹራንሱ አልወረደም።

መልስ 31 የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከመጣ ስምንት ወር የሆነው ልጅ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ኦክሰን ሂል አካባቢ ማታ ተይዞ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ካርዱን በእጁ ይዞ እንደሚጽፍ ተናገረ። ዛሬ ካልከፈልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም አለ። ወዲያው በግል ጻፍኩለት። ገልብጠው አልኩት፤ ጀርባውን ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ፤ አንድ በአንድ አብረን አነበብነው። 30ኛው ቀን የትኛው እንደሆነ ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አደረገ። በማግስቱ ለዳኛ የሚያስረዳበትን ችሎት የሚጠይቀውን ምርጫ ሞልቶ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ጨምሮ በፖስታ ላከው። የችሎቱ ቀን ገና አልደረሰም። ዕለቱን ሥራ አልገባም፤ አብሬው እሄዳለሁ።